«በዘራቸው አለ»

«አባታቸውም ጃጅተው ነው የሞቱት፤ በዘራቸው አለ።» አንኮበር ውስጥ ጎረቤላ ላይ አንዲት እናት የገዛ ልጃቸውን «አንቺ የማን ነሽ?» ማለት ሲጀምሩ ጎረቤቱ የሰጠው ፍርድ ይኸው ነው። እኒያው እናት እንዝርትና የበግ ጠጉር ሲያቀብሏቸው ግን ጣታቸው አይስትም፤ ክሩ ሳይበጠስ ይረዝማል። እጅ የለመደው ሙያ ብዙውን ጊዜ ከስምና ከመልክ በኋላ ነው የሚጠፋው።

ዘር የሚባለው ነገር ውሸት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1993 በአሜሪካ የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኤፖኢ4 የተባለ የጂን ዓይነት አልዛይመር ከተባለው የመርሳት በሽታ ጋር እንደሚያያዝ አሳይተዋል። ከአንድ ወላጅ የወረሰ ሰው ሥጋቱ ሁለት ሦስት እጥፍ ይሆናል፤ ከሁለቱም የወረሰ ደግሞ ይብስበታል። ግን ናይጄሪያ ኢባዳን ላይ የዮሩባ አረጋውያን ሲጠኑ ያው ጂን ጉልበቱ ደከም ብሎ ተገኘ። ጂኑን ይዞ አእምሮው ሳይነካ ዕድሜውን የጨረሰም ሞልቷል።

ደግሞስ መርሳት ሁሉ አልዛይመር ነው ያለው ማነው? ከደብረ ብርሃን ብዙ ሳይርቁ አንጎለላ የተወለዱት፣ አንኮበርን መናገሻ ያደረጉት ዐፄ ምኒልክ በመጨረሻ ዘመናቸው ስትሮክ ደጋግሞ መታቸው። በ1901 ልጅ ኢያሱን አልጋ ወራሽ አደረጉ፤ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 እስኪያርፉ ድረስ ቤተ መንግሥቱ የሕመማቸውን ክብደት ለመሸሸግ ሲጥር ኖረ። (ቤተሰብ ዛሬም እንዲሁ ያደርጋል።) የአንጎል ደም ሥር ሲጎዳ አእምሮም አብሮ ይጎዳል፤ የዚህ ዋናው ጠንቅ ደግሞ የደም ግፊት ነው።

በዘርና በኑሮ መካከል ሦስተኛ ነገር አለ፤ ኤፒጄኔቲክስ ይሉታል። ድጓ ላይ ቃሉ ሳይለወጥ ከላዩ የሚጻፈው የዜማ ምልክት አዚያዚያሙን ይወስናል፤ ጂን ላይም ሜቲል የሚባሉ ጥቃቅን ኬሚካሎች ተለጥፈው የቱ እንደሚሠራ፣ የቱ ዝም እንደሚል ይወስናሉ። ዕድሜ፣ ሲጋራ፣ ረኃብ ይህን ምልክት ይለውጡታል።

ረኃቡ ላይ ልቆይ። እ.ኤ.አ. ከ1944 ወደ 1945 በተሻገረው ክረምት ሆላንድ ተርባ ነበር። በዚያ ወቅት የተፀነሱ ሰዎች ከስድሳ ዓመት ገደማ በኋላ ሲመረመሩ፣ አይጂኤፍ2 በተባለ ጂናቸው ላይ ያለው ምልክት ከእኅት ወንድሞቻቸው ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ፅንሳቸው ገና ለጋ ሳለ ረኃቡ ያገኛቸው ደግሞ በ56 እና 59 ዓመት መካከል የትኩረት ፈተና ሲሰጣቸው ከሌሎቹ ዝቅ አሉ። አንዱ ሌላውን አመጣው ለማለት ገና ነው፤ ቢሆንም ሁለቱም መነሻቸው ያ ክረምት ነው።

የእኛስ? በ1977 ድርቅ ሰሜን ሸዋ ውስጥ አንጾኪያ ክፉኛ ተጎድቷል። ያኔ በእናታቸው ማሕፀን የነበሩት አሁን አርባዎቹን ይዘዋል። ሆላንዶቹ የሆስፒታል የልደት መዝገብ ነበራቸው፤ ራሽኑ ስንት እንደነበርም ተጽፎ ቆይቷል። የእኛው ሰው ዕድሜው ሲጠየቅ «በድርቁ ነው የተወለድኩት» ይላል፤ ካርድ የሚያወጣው ሠራተኛም የመሰለውን ዓመት ይሞላለታል።

ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2024 እንዳለው፣ ትምህርት ማጣት፣ የመስማት ችግር፣ ግፊት፣ ስኳርና ሌሎችም፣ በድምሩ 14 ነገሮች ቢወገዱ በዓለም ላይ ካለው የመርሳት በሽታ 45 በመቶ ያህሉን ማስቀረት ወይም ማዘግየት ይቻላል። የድርቁ ልጆች 56 ዓመት እስኪሞላቸው ከአሥር ዓመት በላይ ይቀራል። የጂን ምርመራ ማን ያደርግላቸዋል? የግፊት መለኪያ ግን ጤና ጣቢያው አለ።