ዕዳን ስለ መቍጠር

በአገራችን «ከሠረ» የሚለው ቃል ከነጋዴ በቀር ለሌላ ሰው እምብዛም አይነገርም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግም የመክሠርን ሥርዓት የደነገገው ለነጋዴዎችና ለንግድ ማኅበሮች ነበር፤ ይህም ሕግ በ2013 ዓ.ም. በሌላ ተተክቷል። በወር ደመወዝ የሚተዳደር ሰው ግን ዕዳው ከአቅሙ በላይ በሆነበት ጊዜ ወደ ዳኛ ቀርቦ «ያለኝ ይህ ነው፥ ያለብኝም ይህ ነው» የሚልበት ልማድ አልነበረውም። የጥንቱ ልማዳችን ባለዕዳውን ከባለገንዘቡ ጋር በነጠላ ጫፍ ቋጥሮ ወይም በሰንሰለት አቈራኝቶ መስደድ ነበር። ቍራኝነቱ ከቀረ ብዙ ዘመን ቢሆነውም፥ ኀፍረቱ ግን አብሮት አልቀረም።

ይህን እንድናስብ ምክንያት የሆነን በአሜሪካ፥ በሜሪላንድ ግዛት የሚኖረው ታናሽ ወንድማችን ነው። በሹፌርነት ሲተዳደር በ2015 ዓ.ም. ወገቡን ታሞ ሰባት ወር ያህል ሥራ ፈታ፤ የሕክምናው ሂሳብና በክሬዲት ካርድ የወሰደው ገንዘብ ተደራርቦ ከ40 ሺህ ዶላር በላይ ሆነ። (የአባታችን ተዝካር የተደገሰበት ገንዘብ ከዚያው ካርድ የወጣ መሆኑን የሰማነው ኋላ ነው።) በዚያ አገር ሕግ ነጋዴ ያልሆነም ሰው መክሠሩን ለፌዴራል ፍርድ ቤት ማመልከት ስለሚችል፥ ጠበቃ አማክሮ «ምዕራፍ 7» በተባለው ክፍል ለማመልከት ቈረጠ።

ነገሩን በቅርብ እንደ ተረዳነው፥ ከባዱ ማመልከቻው ሳይሆን መሰናዶው ነው። አመልካቹ ከማመልከቱ በፊት ባሉት 180 ቀናት ውስጥ ከተፈቀደለት ድርጅት ምክር ተቀብሎ የምስክር ወረቀት ይይዛል። የስድስት ወር ገቢው ተሰልቶ በግዛቱ ካለው መካከለኛ ገቢ ጋር ይነጻጸራል። የግብር ማስታወቂያውን፥ የገቢውን ማስረጃ፥ የእያንዳንዱን ባለገንዘብ ስምና አድራሻ አሟልቶ፥ 338 ዶላር ከፍሎ መዝገብ ያስከፍታል። ከመዝገብና ከማኅተም ጋር ለምንውል ለእኛ ይህ ሁሉ የሚያስደነግጥ አልነበረም። ጭንቅ ውስጥ የጣሉን ሁለት ሌሎች ነገሮች ናቸው።

አንደኛው የእኅታችን ገንዘብ ነው። እርስዋም በዚያው አገር በሌላ ከተማ ስለምትኖር፥ በታመመ ጊዜ 4 ሺህ ዶላር አበድራው ነበር። ወንድማችን «የባንክ ዕዳ ቢቀር ይቅር፤ የእኅቴን ሳልከፍል ዳኛ ፊት አልቀርብም» አለ። ማናችንም ብንሆን እንዲሁ እንል ነበር። ጠበቃው ግን አጥብቆ ከለከለው። ለቅርብ ዘመድ ከማመልከቻው በፊት ባለው አንድ ዓመት ውስጥ የተከፈለውን ገንዘብ፥ ፍርድ ቤቱ የሚመድበው ባለ አደራ ከተቀባዩ አስመልሶ ለባለገንዘቦቹ ሁሉ ሊያካፍለው ይችላልና። እኅታችንን እጠቅማለሁ ሲል ሊያስከስሳት ነበር። ስለዚህ ስምዋ ከባንኮቹ ስም ጋር በአንድ ዝርዝር ተጻፈ፤ ይህንም ስትሰማ አንድ ሳምንት ስልኩን አላነሣችለትም።

ሁለተኛው የአባታችን ቤት ነው። የቤቱ ግማሽ የእናታችን ሲሆን፥ የአባታችን ግማሽ ለሦስታችን ልጆች ስለ ተላለፈ፥ የወንድማችን ድርሻ ከስድስት አንድ እጅ ነው። የመክሠር ማመልከቻው ደግሞ በየትኛውም አገር ያለ ንብረት እንዲገለጽ ያዛል። እናታችን ይህን በሰሙ ጊዜ «እኔ የምኖርበትን ቤት ለፈረንጅ ዳኛ ልታስረክቡ ነው?» ብለው አለቀሱ። ዘመዶችም «አዲስ አበባ ያለውን ቤት ማን ያውቅበታል? ዝም በል» እያሉ መከሩት። እውነት ነው፥ ምናልባት ማንም አያውቅበትም ነበር። ነገር ግን ወረቀቱ የሚፈረመው በሐሰት መማል በሚያስቀጣው ኀላፊነት ነው፤ ንብረት የደበቀ ሰው ዕዳው እንዳይሰረዝለት ከመደረጉም በላይ እስከ 5 ዓመት ሊታሰር ይችላል። እኛም የወራሽነት ማረጋገጫውንና የቤቱን ካርታ ግልባጭ አውጥተን፥ ዋጋውን በገማች አስገምተን፥ በሕጋዊ ተርጓሚ አስተርጕመን ለመላክ ተዘጋጀን። እናታችንን ለማስረዳት ግን ሦስት ሳምንት ፈጀብን። በመጨረሻ «እንግዲያስ ጻፉት፤ ግን የአባታችሁን ስም ሳታጣምሙ ጻፉ» አሉን።

ባለ አደራው ወንድማችንን የጠየቀው በቪዲዮ ሲሆን፥ ሁሉም ዐሥር ደቂቃ አልፈጀም። ስለ ቤቱ የጠየቀው ማን እንደሚኖርበትና አንድ ስድስተኛውን ነጥሎ መሸጥ ይቻል እንደ ሆነ ብቻ ነበር፤ ወረቀቶቹን አይቶ አለፈው። ከጥቂት ወራት በኋላ ፍርድ ቤቱ ከዕዳው ነጻ አወጣው። ያልከፈለው የአንድ ዓመት ግብር ግን ከነጻነቱ ውጭ ሆኖ እንዳለበት ቀርቷል፤ መክሠሩም በብድር ታሪኩ ላይ 10 ዓመት ተጽፎ ይቈያል።

ሕጉ ዕዳው ከተሰረዘ በኋላ በገዛ ፈቃድ መክፈልን አይከለክልም። ስለዚህ ወንድማችን ለእኅታችን በየወሩ 100 ዶላር መላክ ጀመረ። የመጀመሪያውን መልሳ ላከችለት፤ ሁለተኛውን ተቀበለች።