በቆሎው ለምን አልበስል አለ?

የምኖረው ከከሚሴ ከተማ ዳር ነው። ከቤቴ በታች የጨፋ ሜዳ ይታያል። ክረምት ሲገባ ሜዳው ላይ ውሃ ይተኛል። ዕድሜዬ ከ50 አልፏል። ፊደል የቆጠርኩት ልጆች ወልጄ፣ አንዷን ከዳርኩ በኋላ ነው። አሁን ደግሞ ፊዚክስ ልማር ተነስቻለሁ። አትሳቁብኝ! ጎረቤቶቼ ስቀው ጨርሰዋል።

ፊዚክስ ምንድን ነው? ክብደትን፣ እንቅስቃሴን፣ ሙቀትን፣ ብርሃንንና ድምፅን የሚመረምር ትምህርት ነው። እኔ ግን ስሙን ሳልሰማ በፊት በንፍሮ በኩል አግኝቼዋለሁ።

እህቴ ያገባችው ደሴ ነው። ስትወልድ ላርሳት ሄድኩ። ከቤቴ በቆሎ ይዤ ነበር። ከሚሴ ቶሎ የሚበስለው በቆሎ ደሴ አልበስል አለኝ። ውሃው ይንተከተካል። እንጨት ጨመርኩ። እሳቱ ነደደ፣ ውሃው ጎደለ፣ በቆሎው ግን እንደ ጠጠር ነው።

በዚያን ቀን አንዲት ደሃ ሴት አራስ ልትጠይቅ ገብታ ነበር። ስትወጣ ሴቶቹ ተያዩ። "ዓይኗ ነው፤ ድስቱን አይታዋለች" ተባለ። ከዚያ ወዲያ ለቡና አልጠሯትም። እኔም ሰምቼ ዝም አልኩ። እንዲያውም አመንኩ።

ዓመታት አለፉ። ትንሹ ልጄ 9ኛ ክፍል ገባ። ማታ ማታ ሲያነብ አጠገቡ እቀመጣለሁ። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው። እሱ በኦሮምኛ ይነግረኛል። አንድ ማታ ስለ ውሃ መፍላት አነበበ።

"ቆይ፣ ድገምልኝ" አልኩት።

"እማ፣ ምን ሆንሽ?" አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አየር ክብደት አለው። ከላይ ሆኖ ይጫነናል። ቆላ ስንወርድ የሚጫነን አየር ይበዛል። ደጋ ስንወጣ ይቀንሳል። የሚጫነው አየር ሲቀንስ ውሃ በትንሽ ሙቀት ይፈላል። በባሕር ዳርቻ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ነው። ከሚሴ ከባሕር በላይ 1,400 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች። እዚህ በ95 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ደሴ 2,500 ሜትር ያህል ነው። እዚያ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ውሃ አንዴ ከፈላ በኋላ እንጨት ብትጨምሩ ይተናል እንጂ ሙቀቱ አይጨምርም። ስለዚህ የደሴው በቆሎ የሚቀቀለው ቀዝቀዝ ባለ ውሃ ነው። ጊዜ ይፈልጋል። ድስቱን በደንብ ከድኖ መታገስ ነበር፤ በቃ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። በቆሎውም ደህና ነበር። እንጨቱም ደህና ነበር። ሴትዮዋም ደህና ነበረች።

ሲነጋ ለእህቴ ስልክ ደወልኩ። ነገሩን አስረዳኋት። ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ "ሴትዮዋ እኮ ከሰፈሩ ከለቀቀች ቆየች" አለችኝ። የት እንደገባች አታውቅም።

ፊዚክስን ልማር ያልኩት ከዚያን ቀን ጀምሮ ነው።

ሁለተኛው ነገር የሚዛን ነው። ማሾ ልሸጥ ገበያ ወጣሁ። ነጋዴው በሁለት ሳህን ሚዛን ይመዝናል። እኔ ቤቴ የለካሁትና እሱ የሚለኝ አልገጠመም። ልጄ ያስረዳኝ ትዝ አለኝ። ድንጋይ በዲጂኖ ስትፈነቅሉ ረጅሙን ጫፍ ትይዛላችሁ አይደል? ክንዱ ሲረዝም ትንሽ ጉልበት ብዙ ያነሳል። ሚዛንም እንደዚያው ነው። የክብደቱ ድንጋይ ያለበት ክንድ 33 ሳንቲ ሜትር፣ እህሉ ያለበት 30 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ 10 ኪሎ ድንጋይ 11 ኪሎ እህል ያነሳል። 10 በ33 ሲባዛ 330 ነው። 11 በ30 ሲባዛም 330 ነው። ሳህኖቹ እኩል ይቆማሉ፤ ሻጩ ግን አንድ ኪሎ ከስሯል።

"ልጄ፣ እህሉን ወደዚያ፣ ድንጋዩን ወደዚህ አድርገህ መዝንልኝ" አልኩት።

"እትዬ፣ ሚዛን ታስተምሪኛለሽ?" ብሎ ተቆጣ።

አጠገባችን የነበሩ አንድ ሽማግሌ "ምን አለበት? ይገልበጥ" አሉ። ተገለበጠ። የማሾው ሳህን ወደ ታች ወረደ። ነጋዴው "ተበላሽቶ ነው" አለ። ሊሆን ይችላል፤ ሚዛን ይበላሻል። ማሾዬን ግን ይዤ ተመለስኩ። እናንተም የምትጠራጠሩት ሚዛን ካለ ገልብጣችሁ አስመዝኑ። እውነተኛ ሚዛን ቢገለበጥም እኩል ይቆማል።

አሁን በማታ ትምህርት 6ኛ ክፍል ነኝ። 9ኛ ክፍል ለመድረስ 3 ዓመት ይቀረኛል። የልጆቼ አባት "አንቺ ተምረሽ የት ልትደርሺ ነው?" ይለኛል። ክፉ ሰው አይደለም። የደብተሩንም ዋጋ የሚከፍለው እሱ ነው። ግን ጥያቄው ያመኛል፤ መልስ የለኝማ። ደመወዝ እንደማላገኝበት አውቃለሁ።

ልጄ አንድ ቀን ስለ ፕሮፌሰር ሙሉጌታ በቀለ ነገረኝ። የፊዚክስ ምሁር ናቸው። በደርግ ዘመን ለዓመታት ታስረው ነበር። ከእስር ወጥተው ወደ ፊዚክስ ተመለሱ፤ ህንድ አገር ሄደው የዶክተርነት ማዕረግ አገኙ፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም አስተማሩ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2012 የአሜሪካ የፊዚክስ ማኅበር ለሰብአዊ መብት የሚሰጠውን የሳካሮቭ ሽልማት ሰጣቸው። እኔ ከእሳቸው ጋር አልወዳደርም። ዓመታት ካለፉ በኋላም ወደ ትምህርት መመለስ እንደሚቻል ግን ከእሳቸው አየሁ።

የሚያስቸግረኝ እንግሊዝኛው ነው። ክፍልፋይም ያስቸግረኛል። አንድ ሦስተኛና አንድ አራተኛ ሲደመሩ ለምን ሁለት ሰባተኛ እንደማይሆኑ ለመረዳት አንድ ሳምንት ፈጅቶብኛል። በመጨረሻ የገባኝ እንጀራ ቆርጬ ነው።

ባለፈው ሳምንት ለልጄ ሌላ ጥያቄ ጠየቅሁት። የሸክላ እንስራ ውሃን በሐሩር ጊዜ የሚያቀዘቅዘው ለምንድን ነው? የፕላስቲክ ጀሪካንስ ለምን አያቀዘቅዝም? "እማ፣ እኔም አላውቅም፤ መምህሬን ልጠይቅልሽ" አለኝ። እንስራው ውጭው ሁልጊዜ እርጥብ ነው። ነገሩ እዚያ ላይ ይመስለኛል። መልሱን እየጠበቅሁ ነው።