የ0.35 በመቶ ሙግት

ከአንድ ኩንታል ጤፍ ላይ 350 ግራም ጎደለብኝ ብሎ የሚካሰስ ሰው አላየሁም። ነጋዴው «የጆንያው ነው» ይላል፣ እኛም አሸክመን እንሄዳለን። የፊዚክስ ሰዎች ግን ነገረኞች ናቸው፤ ለ0.35 በመቶ ችሎት ይቆማሉ። ሙግታቸውን ወድጄላቸዋለሁ፤ የተጣሉት ትምህርት ቤት ጥቁር ሰሌዳ ላይ በማውቀው ነጥብ ነውና።

መምህራችን ኒውክለስን በጠመኔ ጠብ ያደርጉና ኤሌክትሮኖች የሚዞሩበትን ክብ ይስሉበት ነበር። ነጥቡ ውስጥ ምን እንዳለ የጠየቀ ተማሪ አልነበረም፤ ፈተና ላይ አይመጣማ! በመምህሩም አይፈረድም። ኤንሪኮ ፌርሚን የሚያህል ሰው እንኳ እ.ኤ.አ. በ1930 የሃይፐርፋይንን ቀመር ሲያወጣ ኒውክለስን ስፋት እንደሌለው ማግኔት አድርጎ ነው የቆጠረው።

ሃይፐርፋይን የሚባለው አንድ የሚመስል የብርሃን መስመር ቀርበው ሲያዩት ብዙ ሆኖ መገኘቱ ነው። አልበርት ማይክልሰን በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አይቶታል፤ ቮልፍጋንግ ፓውሊ ደግሞ በ1924 ጣቱን ወደ ኒውክለስ ቀሰረ። ነገሩ ይኸው ነው፤ ኤሌክትሮኑም ኒውክለሱም ትንንሽ ማግኔቶች ናቸው፤ ሲስማሙና ሲቃረኑ ጉልበታቸው በጥቂቱ ይለያያል፤ መስመሩም ይሰነጠቃል።

የአንድ ንጥረ ነገር ሁለት አይሶቶፖች (ፕሮቶናቸው እኩል፣ ኒውትሮናቸው የተለያየ አተሞች) የኤሌክትሮናቸው ሥርዓት አንድ ነው። እንግዲህ ኒውክለስ እውነት ነጥብ ከሆነ፣ ስንጥቆቻቸው ልክ እንደ ማግኔቶቻቸው ጥንካሬ መበላለጥ ነበረባቸው። ሩቢዲየም 85 እና ሩቢዲየም 87 ግን እምቢ አሉ። የስፒናቸው (የውስጥ ሽክርክራቸው) ልዩነት ተጣርቶ ሲታይ ስንጥቃቸው 3.377 ለ1 ነው፤ ለብቻው የተለካው የማግኔታቸው ጥንካሬ ግን 3.389 ለ1። ፍራንሲስ ቢተር በ1949 የ0.35 በመቶዋን ጉድለት አንሥቶ ኒውክለስ ስፋት እንዳለው አስታወሰ።

እዚህ ላይ የ27 ዓመቱ ኦገ ቦር ይመጣል። አዎ፣ የኒልስ ቦር ልጅ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከአባቱ ጋር የአቶም ቦምብ ወደሚሠራበት ሎስ አላሞስ ሲመላለስ «ጄምስ ቤከር» በሚል የሐሰት ስም ይጠራ የነበረው። አሜሪካ ሳለ ጉዳዩ ውስጥ ያስገባው ከባድ ንጥረ ነገር አልነበረም፤ በዲውተሪየም፣ ማለትም በከባዱ ሃይድሮጅን ላይ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ያዩት ቅንጣት ልዩነት ነበር። ከዚያ ተነሥቶ፣ ከቪየናው ተወላጅ ከቪክቶር ዋይስኮፍ ጋር፣ በ1950 ስለ ከባድ ንጥረ ነገሮች ጽሑፍ አወጣ። ዛሬ የቦርና ዋይስኮፍ ውጤት የምንለው ያንን ነው።

ክርክራቸው ደስ ይላል። ከባድ ኒውክለስ ብዙ ፕሮቶን ስላለው ኤሌክትሮኑን አጥብቆ ይስባል፤ አንዳንዱ ኤሌክትሮን ኒውክለሱ ውስጥ ዘልቆ ይገባል። ውስጥ ከገባ በኋላ ደግሞ ማግኔቱ የት የት እንደተሰራጨ ይሰማዋል። የኒውክለስ ማግኔትነት ከፊሉ ከፕሮቶንና ከኒውትሮን ስፒን፣ ከፊሉ ከፕሮቶኖች ዙረት የሚመጣ ነው፤ ሁለቱም ኤሌክትሮኑ ላይ እኩል አይጫኑም። በሩቢዲየም 87 የመጨረሻው ፕሮቶን ስፒንና ዙረት ተስማምተዋል፤ በ85 ተቃርነዋል። ጉድለቷ ከዚያ መጣች። በጣም ከባድ በሆኑት ላይ ውጤቱ ጥቂት በመቶዎች ይደርሳል።

ቦር ኮሎምቢያ ሳለ ቢሮ ይጋራው የነበረው ጄምስ ሬይንዎተር ኒውክለስ ድቡልቡል ላይሆን ይችላል ይል ነበር። በ1975 ከቤን ሞተልሰን ጋር ሦስቱም ኖቤል የተሸለሙት በዚያው በኒውክለስ ቅርጽ ጉዳይ ነው።

ሙግቱ ግን አላለቀም። በጀርመን ዳርምሽታት ቢስመዝ የተባለውን ከባድ ንጥረ ነገር አንድ ኤሌክትሮን ብቻ እስኪቀረው ገፈው በ1994 ስንጥቁን በሌዘር ለኩት። የኒውክለሱን የማግኔት ስርጭት በትክክል ማስላት ስላስቸገረ፣ ባለ ሦስት ኤሌክትሮኑንም ለክተው በማቀናነስ ስርጭቱን ከሒሳቡ ለማስወጣት ተመከረ። ብልሃቱ አሪፍ ነበር፤ በ2017 ውጤቱ ሲወጣ ግን ልኬትና ንድፈ ሐሳብ በሰባት ሲግማ፣ ማለትም አጋጣሚ ነው ሊባል በማይችል ርቀት፣ ተራራቁ። የኤሌክትሮን ንድፈ ሐሳብ ራሱ ተሳስቶ ይሆን ወይ ተባለ።

በ2018 ጥፋተኛው ተገኘ፤ ለዓመታት ከመጽሐፍ የሚገለበጠው የቢስመዝ የማግኔት ጥንካሬ! 4.1106 የተባለው በቢስመዝ ናይትሬት ውሁድ ላይ ከተለካ በኋላ፣ በኒውክለሱ ዙሪያ ያለው ኬሚካል የሚጋርደው ማግኔታዊ መስክ በትክክል አልተሰላለትም ነበር። አዲሱ ዋጋ 4.092 ነው፤ ልዩነቱ ግማሽ በመቶ እንኳ አይሞላም። ቤታችሁ አሮጌ ሠንጠረዥ ካላችሁ በእርሳስ አርሙት።