የእህቴ ልጅ ሞጁል

ሚዛን የሄድኩት ፍልስፍና ፍለጋ አይደለም። አንድ ብርድ ልብስ፣ ሦስት ኪሎ በሶና አንድ ጃንጥላ ላደርስ ነው። የእህቴ ልጅ ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ተመድባ፣ እናቷ በስልክ የዝናቡን ድምፅ ሰምታ «ልጄ በስብሳ ቀረች» ብላ እንቅልፍ ስታጣ፣ ከቤተሰቡ የዓመት ፈቃድ የተረፈው ሰው እኔ ሆኜ ተገኘሁ። ኅዳር አጋማሽ ላይ፣ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት፣ አውቶቡስ ውስጥ ነበርኩ።

ከአዲስ አበባ ሚዛን ተፈሪ በጅማ በኩል 560 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ግቤ በረሃ ላይ ላብ፣ ጅማ ላይ አዳር፣ ቦንጋ ላይ ማር በዳቦ። ከዚያ በኋላ ያለውን በኪሎ ሜትር መናገር ያስቸግረኛል። ውሽውሽ ላይ የሻይ ተክሉ ገና ከፀጉር አስተካካይ እንደወጣ ራስ ኮረብታውን ለብሶ ይታያል፤ እሱን ካለፉ በኋላ ጫካው መንገዱን ከግራና ከቀኝ ይጠጋዋል። ከቅርንጫፉ ሁሉ የዛፍ ሽበት ተንዠርግጓል። እኔ ሰሜን ያደግኩ ሰው ነኝ፤ ትልቅ ዛፍ ማለት ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ያለ ነገር ይመስለኝ ነበር። እዚህ ግን ደጀ ሰላም የሌለው፣ አጥር የሌለው፣ ማለቂያ የሌለው ቅጥር ግቢ ውስጥ ገባሁ። ረዳቱ «ጋሼ፣ መስኮቱን ይዝጉት እንጂ፣ ሰው በሰበሰ» እስኪለኝ ድረስ ዝናቡ ጉልበቴ ላይ መውረዱን አላስተዋልኩም።

የእህቴን ልጅ ያገኘኋት ከግቢው ውጭ አንዲት ቡና ቤት ውስጥ ነው። ብርድ ልብሱን በአንድ እጅ ተቀብላ በሌላው አንድ የተጎሳቆለ ጥራዝ ጠረጴዛው ላይ ጣለች። «ሎጂክ ኤንድ ክሪቲካል ቲንኪንግ» ይላል። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ሁሉ፣ ምሕንድስና ይግባ ግብርና፣ ይህን ኮርስ ይወስዳል። የመጀመሪያው ምዕራፍ የፍልስፍና መግቢያ ነው፦ ምን አለ፣ ምን እናውቃለን፣ ምን መልካም ነው።

«ጋሼ፣ ይሄን አንብቦ ጤነኛ የሆነ ሰው የለም» አለችኝ።

እስከ ረቡዕ እንድታውሰኝ ለመንኳት። «ሒሳብ ስለሚቀድምብኝ ነው እሺ ያልኩህ። የሲኒየር ነው፤ ተመላሽ ነው» ብላ አስጠነቀቀችኝ።

ያን ሌሊት የሆቴሉ ቆርቆሮ ላይ ዝናቡ ሲወርድ አነበብኩ። የሃምሳ ዓመት ሰው ነኝ፤ በሥራዬ ሒሳብ መዝጋት እንጂ ሐሳብ መክፈት አልለመድኩም። ሞጁሉ እንደብዙዎቹ መግቢያዎች ከግሪኮች ይነሳል፤ ሶቅራጥስ ከገበያ ገበያ እየዞረ ሰው ሲያናድድ ይውላል። ሻንጣዬ ውስጥ ደግሞ ለመንገድ ብዬ የወረወርኩት የዘርዓ ያዕቆብ ሐተታ ነበር። ሁለቱን አንድ አልጋ ላይ አጋድሜ እያገላበጥኩ ነጋ።

ዘርዓ ያዕቆብ ራሱ በሐተታው እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ1599 አክሱም አጠገብ ተወለደ፤ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን የሃይማኖቱ ግጭት ሲከፋ ተከስሶ ሸሸ፣ ዳዊቱን ይዞ ሁለት ዓመት ዋሻ ውስጥ ብቻውን ኖረ። በ1667 እንፍራዝ ሆኖ፣ ተማሪው ወልደ ሕይወት ስለ ጠየቀው ጻፈ። እሱ ዋሻ ከመግባቱ ጥቂት ዓመታት በፊት ፈረንሳዊው ዴካርት በክረምት ሞቅ ያለ ክፍል ውስጥ ተዘግቶ የሚያውቀውን ሁሉ ሊጠራጠር ተነሥቶ ነበር። አንዱን ብርድ፣ አንዱን ነገረኛ ወደ ውስጥ አስገባቸው፤ ሁለቱም ያመኑት አንድ ነገር ውስጣቸው አገኙ። ዘርዓ ያዕቆብ ያን ነገር ልቡና ይለዋል። (ልቡና ውስጥ ቡና መኖሩን ያየሁት እዚያው ሚዛን ነው፤ ባለ ቅኔዎች ይቅር ይበሉኝ።)

ደግሞ ሐተታውን ማን ጻፈው የሚል ክርክር አለ። መጽሐፉን በ1850ዎቹ መጀመሪያ ጁስቶ ዱርቢኖ የሚባል ጣሊያናዊ ካፑቺን መነኩሴ ለፈረንሳዊው ተመራማሪ አንቷን ዳባዲ ላከለት፤ ዛሬ ፓሪስ፣ የፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። በ1920 ጣሊያናዊው ምሁር ኮንቲ ሮሲኒ «የጻፈው ራሱ መነኩሴው ነው» ብሎ ተነሣ። ክላውድ ሰምነር የሚባል ካናዳዊ ኢየሱሳዊ ካህን፣ እ.ኤ.አ. በ1953 አዲስ አበባ መጥቶ ሲያስተምር ኖሮ፣ «የኢትዮጵያ ፍልስፍና» ብሎ በ1974 እና በ1982 መካከል ባወጣቸው አምስት ቅጾች የሐተታውን ኢትዮጵያዊነት ሲሟገት ኖረ። ክርክሩ ዛሬም አልተዘጋም። እኔ እንኳን ልፈርድ፣ የአማርኛ ትርጉሙን ለመጨረስ ሁለት ሌሊት ፈጅቶብኛል። ነገር ግን በማግስቱ ጠዋት ቡና ቤት ቁጭ ብዬ አንድ ነገር ትዝ አለኝ።

ጌሻ። ከሚዛን ብዙም በማይርቀው የጌሻ ጫካ ስም የሚጠራ የቡና ዘር በ1930ዎቹ በእንግሊዝ ቆንስላ ሰው እጅ ከዚህ አገር ወጣ፤ በኬንያ፣ በታንጋኒካ፣ በኮስታ ሪካ አልፎ ፓናማ ደረሰ፤ በ2004 እ.ኤ.አ. ፓናማ ውስጥ በተደረገ ውድድር ዳኞችን አስደንግጦ በዓለም ላይ እጅግ ውድ ከሚባሉት ቡናዎች አንዱ ሆነ። ያ ቡና የጌሻ ነው ወይስ የፓናማ? በአንድ የሩቅ ሰው እጅ ከወጣ በኋላ «የማን ነው?» የሚባል ነገር አገራችን ስንት አላት! ሰምነር ግን ሌላም ነጥብ ነበረው። ግሪክኛው «ፊስአልጎስ» ከጥንት፣ «መጽሐፈ ፈላስፋ ጠቢባን» ደግሞ አባ ሚካኤል በ1510 እና በ1522 መካከል ከዓረብኛ መልሶት፣ ወደ ግእዝ ገብተዋል፤ የኛ ተርጓሚ እንደ ፎቶ ኮፒ አይቀዳም፣ ያወጣል፣ ያገባል፣ ያለዝባል፣ ያጠነክራል ይላል ሰምነር። ጥላ ዛፍ ሥር የተተከለ ዘር ነው፤ ጥላው የኛ ነው። የእህቴ ልጅ ሞጁል ሶቅራጥስን እንደ እንግዳ ሲያስተዋውቃት፣ ሶቅራጥስ በመጽሐፈ ፈላስፋ በኩል ከአያቶቿ ጋር ቡና ጠጥቶ ያደረ ሰው መሆኑን ማን በነገራት አልኩ።

ረፋድ ላይ ወደ ቴፒ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ሸኮ ላይ፣ አንድ ወጣት ጫካ ቡና ሊያሳየኝ ተስማምቶ ስለነበር ወረድኩ። በአርባ ደቂቃ እግር ጉዞ ውስጥ ስሙን የማላውቀው ዛፍ፣ ኮረሪማ፣ እባብ የመሰለ ሐረግ፣ ከዚያ በመካከላቸው ቀጭን፣ ረጅም፣ ፍሬው የጠየመ ቡና። ማንም አልተከለውም። ልጁ ሲያስረዳኝ፣ የጫካ ቡና አለ፣ ከፊል ጫካ ቡና አለ፣ የጓሮ ቡና አለ፣ እንደ ቤበቃ ያለ 10,000 ሄክታር ገደማ የሚደርስ የእርሻ ቡና አለ።

«ከፊል የሚባለው ምን ሲሆን ነው?» አልኩት።

«ሥሩን ስትመነጥሩት።»

«አንድ ቁጥቋጦ ብመነጥር?»

«ጫካ ነው።»

«ሁለት?»

ሳቀ። ሞጁሉ ስለ ቋንቋ በሚያወራበት ምዕራፍ ውስጥ ወሰኑ ግልጽ ያልሆነ ቃል የሚለው ነገር ይኼው ነው። ከሁሉ በፊት ግን ከሚሌጡስ የመጣ ኤውቡሊደስ የሚባል ግሪካዊ በ4ኛው መቶ ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት ክምር እህል ይዞ ፈላስፎችን አስቸግሯል፦ አንድ ፍሬ ብታነሳ ክምሩ ክምር ነው፤ ሌላም ብታነሳ ክምር ነው፤ እንዲህ እያልክ አንድ ፍሬ ስትቀር ክምር ናት ልትል ነው?

መንገድ ዳር የቡና ማድረቂያ አልጋዎች ነበሩ። አንዲት እናት ሸራ ላይ ካፈሰሱት ጀንፈል እንጨትና ጠጠር ይለቅማሉ። ዓይናቸው ከእጃቸው አይለይም፤ ጣታቸው የተሰነጠቀውን ፍሬ ከመንካቱ በፊት ያወቀው ይመስላል። አጠገባቸው ተቀመጥኩና ሳላፍር ጠየቅኩ።

«እማማ፣ ይሄ ክምር ነው?»

«ታዲያ ምን ይመስልሃል?»

«አንድ ፍሬ ባነሳበትስ?»

«ክምር ነው።»

«ሌላም ባነሳ?»

«አንሣ፤ ግን መልሰህ አስቀምጥ።»

«እያልኩ እያልኩ ሳነሳ፣ ክምር መሆኑ የሚቀረው የቱ ላይ ነው?»

ቀና ብለው አዩኝ። «ሚዛን ነዋ» አሉ።

ከተማው መስሎኝ ወደ መጣሁበት አቅጣጫ ዞርኩ። እሳቸው ግን በጣታቸው ያሳዩኝ ከማገሩ ላይ የተንጠለጠለውን ሚዛን ነው። ክምርም በሉት፣ እፍኝም በሉት፣ ገዢው የሚከፍላቸው በኪሎ ነው። ኬንያዊው ፈላስፋ ሄንሪ ኦዴራ ኦሩካ በየገጠሩ እየዞረ ጠቢብ ሲፈልግ፣ የአገሩን አባባል የሚደግመውንና አባባሉን ራሱን የሚመረምረውን ይለይ ነበር። እኚህን እናት የትኛው ውስጥ እንደምከት እስካሁን አላውቅም።

ሚዛን የማይመዝነውን ግን ጫካው ውስጥ አይቼ መጥቻለሁ። በጎረቤት ያለው የሸካ ደን በ2012 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። እዚያ ኮቦ የሚባል ሥርዓት አለ፤ ቤተሰብ በውርስ የያዘው የጫካ ድርሻ፣ ዛፉን ሳይቆርጥ ቀፎ ሰቅሎ ማሩን የሚወስድበት። እንግሊዛዊው ጆን ሎክ በ1689 መሬት የሰው የሚሆነው ድካሙን ሲቀላቅልበት ነው ብሎ ነበር፤ አርሶ፣ አጭዶ። ቀፎ ሰቃዩስ? ዛፍ ላይ መውጣት ድካም አይደለም? ሎክ ምን ይል እንደነበር መንገዱን ሁሉ ተከራከርኩት። ዘንድሮ አንድ ዛፍ ቢወድቅ ጫካ ነው። ለሚቀጥለው ዓመትም አንድ። ኤውቡሊደስ ሸኮ ቢወለድ ኖሮ እህል አይፈልግም ነበር።

ቴፒ ቆላ ነው፤ ከሚዛን ወርዶ ሙቀቱ ልብስ ያስወልቃል። ገበያው ዝንጅብል፣ እርድ፣ ቁንዶ በርበሬ ይሸታል። የያዝኳት ባጃጅ ገና ሩብ መንገድ ሳትሄድ ቆመች፤ ጋራዥ ገፍተን አስገባናት። ወጣቱ መካኒክ መሬት ላይ ሸራ አንጥፎ ፍሪሲዮኑን፣ ካምቢዮውን፣ ጎማውን፣ ብሎኑን በመደዳ ሲደረድር አንድ ሰዓት ሙሉ አየሁ። አንድ የጥንት ታሪክ ትዝ አለኝ፦ የሕንድን ሰሜን ምዕራብ ይገዛ የነበረ ሚሊንዳ የሚባል ግሪካዊ ንጉሥ ወደ ቡድሃዊው መነኩሴ ናጋሴና በሠረገላ መጥቶ ነበር። ናጋሴና፦ ሠረገላው መንኮራኩሩ ነው? አይደለም። ዘንጉ ነው? አይደለም። ታዲያ የመጣህበት ሠረገላ የት አለ? ሰውም እንዲሁ ነው፤ አካሉን ስትበትነው «እኔ» የምትለውን አታገኝም።

መካኒኩን ጠየቅኩት። «ከዚህ ሁሉ ውስጥ ባጃጇ የቷ ናት?»

እጁን በጨርቅ ጠረገና ግድግዳው ላይ የተደገፈችውን ሰሌዳ አነሳ። «ታርጋዋ። ትራፊክ ሲያስቆመን የሚጠይቀን ታርጋና ሊብሬ ነው። ሌላውን ከየት እንዳመጣነው ማንም አይጠይቅም።»

ማታ ጨሞ ጠጣሁ። የቡና ቅጠል ከዝንጅብል፣ ከሚጥሚጣና ከቅመም ጋር ተወቅጦ፣ በጨው የሚጠጣ። የመጀመሪያው ጉንጭ ሾርባ ነው፣ ሁለተኛው ሻይ፣ ሦስተኛው ላይ ምድቡን ተውኩት። ፍሬውን ለዓለም ልኮ ቅጠሉን ለራሱ ያስቀረ ሕዝብ ምን ያህል ብልህ ነው!

ረቡዕ ጠዋት ሚዛን መናኸሪያ፣ የእህቴ ልጅ ጃንጥላዋን ይዛ ጠበቀችኝ። ሞጁሉን ከፍታ ኅዳጉ ላይ የጻፍኩትን ስታይ ፊቷ ተለወጠ።

«ጋሼ! ተመላሽ ነው አላልኩህም?»

«እርሳስ ነው።»

ላጲስ አወጣችና እዚያው ቆማ፣ ጃንጥላውን በአንገቷ ይዛ፣ ገጽ በገጽ ማጥፋት ጀመረች። የሎክ ቀፎ ጠፋ። ታርጋው ጠፋ። ረዳቱ «ቦንጋ! ጅማ! የሞላ ነው!» ሲል ገባሁ። መስኮቱን ስከፍት ላጲሷን አንድ ገጽ ላይ አቁማ ወደኔ ቀና አለች።

«ይሄ 'ሚዛን ነዋ' ምን ማለት ነው? ፈተና ላይ ይመጣል?»

ሞተሩ ተነሣ። የጮህኩትን ዝናቡ ወሰደው፤ እጇን ወደ ጆሮዋ አስጠግታ ስታዳምጥ አውቶቡሱ ታጠፈ።