ልጁን ማን ጠየቀው?

በጥንቱ የሮም ሕግ ሰው ወይ በራሱ መብት የቆመ ነው፤ ወይ በሌላ ሰው ሥልጣን ሥር ያለ ነው። በራሱ የቆመውን «ሱይ ዩሪስ» ይሉታል። እዚያ ለመድረስ ዕድሜ ብቻውን አይበቃም ነበር። ሃምሳ ዓመት የሞላው፣ ሚስትና ልጆች ያሉት፣ በአደባባይ ትልቅ ሹመት የያዘ ሰው እንኳ አባቱ በሕይወት እስካለ ድረስ የራሴ የሚለው ንብረት የለውም፤ ያፈራው ሁሉ የአባቱ ነው። አባት ልጁን ነፃ ማውጣት ቢፈልግ መንገዱ ጠማማ ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ450 ገደማ የወጡት 12ቱ ሰሌዳዎች፣ ልጁን ሦስት ጊዜ የሸጠ አባት ሥልጣኑን ያጣል ይላሉ። ስለዚህ አባትየው ከሚያምነው ወዳጁ ጋር ተማክሮ ልጁን ለይስሙላ ሦስት ጊዜ ይሸጠዋል። ሴት ልጅ ግን አባቷ ሞቶ በራሷ ብትቆምም ሞግዚት ይደረግባታል።

ሕግ ስማር ይህ ትምህርት በተሰጠበት ቀን ሳስብ የዋልኩት ስለ ሮም አልነበረም። ስለ አጎቴ ነበር።

እናትና አባቴ ያረፉት ነፍስ ሳላውቅ ነው። ያደግኩት በተንታ በኩል፣ ሰማዩ ሲጠራ አምባ መቅደላ ቁልጭ ብሎ በሚታይበት ቀበሌ ነው። ፍርድ ቤት የእናቴን ወንድም ሞግዚት አድርጎ ሾመልኝ። አጎቴ ደግ ሰው ነበር። የአባቴን መሬት ለእኩል አራሽ ሰጥቶ የደረሰኝን ገብስና ባቄላ እስከ መጨረሻዋ ቁና ይጽፍ ነበር። 18 ዓመት ሲሞላኝ ወረዳ ፍርድ ቤት ቀርቦ ያን ደብተር አስረከበኝ። ጠርዙ በጭስ የጠቆረ፣ በእርሳስ የተጻፈ ደብተር ነው፤ የተሸጠው በግ፣ የዩኒፎርሜ ዋጋ፣ ለወላጆቼ ተስካር የወጣው እህል ሁሉ አለበት። ዳኛዋ «ተቃውሞ አለሽ?» አሉኝ። «የለኝም» አልኩ። እውነቴን ነበር፤ ከሒሳቡ አንድ ሳንቲም አልጎደለም።

ደብተሩን ይዤ ስወጣ ግን ደስታ አልተሰማኝም። ገጾቹን ሳገላብጥ የአባቴ ባሕር ዛፍ የተቆረጠበትን ዓመት አገኘሁ። ከትምህርት ቤቴ ወጥቼ አክስቴ ዘንድ የተላክሁበትን ወር አገኘሁ። እናቴ ለክት ታወጣው የነበረው ጥልፍ ቀሚስ ለዘመድ የተሰጠውም በዚያው ዘመን ነበር። ሁሉም ለእኔ ተብሎ የተደረገ ነው፤ አጎቴም «ለአንቺ ብዬ ነው» ይለኝ ነበር፤ አልዋሸም። በዚያ ሁሉ ዓመት ግን ምን እንደምፈልግ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ይህን ቅሬታ ለብዙ ጊዜ ለማንም መናገር አልቻልኩም፤ በደግ ሰው ላይ ምን ተብሎ ይከሰሳል?

አፌን የፈታልኝ የአፄ ቴዎድሮስ ልጅ የዓለማየሁ ታሪክ ነው። በእኛ አገር መቅደላ ሲባል ቴዎድሮስ ነው፤ እስካሁን አምባው ላይ ያለው ሴባስቶፖል መድፍ ነው፤ የእንግሊዝ ጦር አምባውን የያዘበት፣ ንጉሡም የሞቱበት ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ነው። ልጁን ሲያነሡ ብዙም አልሰማሁም። ያን ዕለት ዓለማየሁ 7 ዓመት ሊሞላው ቀናት ቀርተውት ነበር። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ ባሕር ሲጓዙ በወሩ ትግራይ ላይ አረፉና ጨለቆት ተቀበሩ። ልጁን ካፒቴን ስፒዲ የሚባል አማርኛ የሚችል መኮንን ያዘው። ስፒዲ ወደ ህንድ ሲሄድ ይዞት ሄደ፤ ልጁም ለምዶት፣ ወዶት ነበር። የእንግሊዝ መንግሥት ግን ትምህርቱ ይቀድማል ብሎ ከስፒዲ ለየውና ለአንድ የትምህርት ቤት ኃላፊ ሰጠው። ቸልተንሃም፣ ከዚያ ራግቢ፣ ከዚያ የሳንድኸርስት ወታደራዊ ትምህርት ቤት። ወጪውን ግምጃ ቤቱ ቻለ። ንግሥት ቪክቶሪያ ከልባቸው አዘኑለት። ዓለማየሁ እንደ እኔው ለእርሱ በሚያስቡ ሰዎች እጅ ነበር፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ያዘዋወሩት ለእርሱ በማሰብ ነው።

በኅዳር 1872 ዓ.ም. ሊድስ ከተማ አጠገብ በሳንባ ሕመም ሞተ። ዕድሜው 18 ነበር። በዚያን ጊዜ የእንግሊዝ ሕግ አንድን ሰው ለአካለ መጠን ደረሰ የሚለው 21 ሲሞላው ነው፤ ወደ 18 የወረደው እ.ኤ.አ. በ1969 በወጣ ሕግ ነው። የቴዎድሮስ ልጅ እንግዲህ በሕግ ፊት አንድ ቀን እንኳ በራሱ ሳይቆም አለፈ። አጽሙ ዊንድዘር ነው። ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደጊዮርጊስ በ1999 ዓ.ም. ይመለስልን ብለው ነበር፤ በ2015 ዓ.ም. የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት የሌሎችን አጽም ሳይነካ ማውጣት አይቻልም ብሎ መለሰ።

መቅደላ ላይ ከዓለማየሁ በፊትም ሌላ ልጅ ነበር። ቴዎድሮስ ሸዋን ሲይዙ የ11 ዓመቱን ምኒልክን ወስደው አሳደጉት። እንደ ልጅ ነበር የያዙት፤ ልጃቸውን አልጣሽንም ድረውለታል። ምኒልክ ግን በሰኔ 1857 ዓ.ም. ከአምባው አምልጦ ወደ ወሎዋ ወይዘሮ ወርቂት ገባ። የእሳቸው ልጅ ደግሞ ያኔ መቅደላ ላይ ታስሮ ነበርና በንጉሡ ቁጣ ተገደለ። ለምኒልክ ነፃነት ከሁሉ የከበደውን ዋጋ የከፈሉት እኚህ እናት ናቸው፤ ስማቸው በወሎ ከዚህ በላይ ሊነሣ ይገባል እላለሁ።

ወደ ሕጉ ልመለስ። የሮም ሕግ ወደ እኛ ዘንድ ቀድሞ የገባው በፍትሐ ነገሥት በኩል ነው፤ ፍትሐ ነገሥት ከቢዛንታይን ሕግ ብዙ ወስዷልና። በኋላ የመጣው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ጋብቻ የፈጸመ ልጅ ከሞግዚት ነፃ ይወጣል አለ፤ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ እንድታገባም ፈቀደ። ያው ሕግ ባልን የቤተሰቡ አለቃ ስለሚያደርግ፣ ከሞግዚቷ የወጣችው ልጅ ወደ ባሏ ሥልጣን ገባች ማለት ነው። ይህ የተስተካከለው በ1992 ዓ.ም. በወጣው የቤተሰብ ሕግ ነው፤ የአማራ ክልልም በ1995 ዓ.ም. የራሱን አወጣ። በ1992ቱ ሕግ ውስጥ ከሁሉ የምወደው አንድ አንቀጽ አለ፦ ልጁ 14 ዓመት ከሞላው ሞግዚቱ በዋና ዋና ጉዳዮቹ ላይ በተቻለ መጠን ያማክረው ይላል።

ዛሬ እኔም የሟች እህቴ ልጅ ሞግዚት ነኝ። ባለፈው ዓመት ለትምህርት ቤት ገንዘብ ሲያስፈልግ ጊደሯን ልንሸጥ ነበር። እኔም የምጽፈውን የሒሳብ ደብተር ከፍቼ ልጁን አጠገቤ አስቀመጥኩት። ዝም ብሎ ቆየና «ጊደሯ ትቅር፤ በጎቹ ይሸጡ» አለኝ። በጎቹን ሸጥን። ከእኔ ፊርማ ሥር እሱም ስሙን ጻፈ።

የሙት ልጅ ይዛችሁ የምታሳድጉ ወገኖቼ፣ የቤታችሁን ደብተር ለልጁ አስነብቡት። መሬቱን ለአራሽ ከመስጠታችሁ፣ ከብቱን ከመሸጣችሁ፣ ወደ ሌላ ዘመድ ከመላካችሁ በፊት አስቀምጣችሁ ጠይቁት፤ የሚለውንም እስኪጨርስ ስሙት። 18 ሲሞላው ሒሳቡን ይዛችሁ አብራችሁት ፍርድ ቤት ቅረቡ።