ጎርሶ የኖረ ነፍጥ

ከእኛ መሃል አዳኝ የለም። ይኼን ቀድመን እንናገር። በሕይወታችን አሳድደን የያዝነው ትልቁ ነገር ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ከሜክሲኮ ወደ ጀሞ የሚሄድ ታክሲ ነው፤ እሱንም ቢሆን ሁልጊዜ አልያዝነውም። ግን መቼም ሰው አያት አያጣም። የእኛ አያት ሰሜን ተራራ ላይ ዋልያ ገድለዋል። ልጆች ሳለን በዚህ ወሬ ሰፈር ውስጥ የማንፎክርበት ቀን አልነበረም። አሁን ሰው ፊት ስናነሣው ድምፃችንን ዝቅ እናደርጋለን። ዛሬ የምናወጋችሁ ግን ስለገደሏቸው ሳይሆን ሳይገድሉት ስለቀሩት አንድ ዋልያ፣ በእሱም ሰበብ ከመሃላችን አንዱ ሊሞት ስለነበረበት ቀን ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። በ2011 ዓ.ም. ጥር 21ን፣ አስተርዮ ማርያምን፣ ደረስጌ ልናከብር ሦስት የአክስትና የአጎት ልጆች ከአዲስ አበባ ተነሣን። ጎንደር አደርን፣ ዳባትን አለፍን፣ ደባርቅ ምሳ በላን። ከደባርቅ የተሳፈርንበት መኪና ፓርኩን ሰንጥቆ፣ በሳንቃ በርና በጨነቅ አድርጎ፣ ቧሂትን ተሻግሮ ወደ ጃናሞራ ወረደ። ጨነቅ ላይ ሹፌሩ (ዕድሜ ይስጠውና) አቆመልን። ሦስት ወንድ ዋልያዎች ገደሉ ጠርዝ ላይ ቆመው ቁልቁል ያዩናል። ያን ቀን የገባን ነገር ቢኖር ብሔራዊ ቡድኑን «ዋልያዎቹ» እያልን ስንጮህ፣ ቢራውንም «አንድ ዋልያ ስጠን» እያልን ስናዝዝ፣ ባለ ስሙን አይተነው እንደማናውቅ ነው።

ደረስጌን ከታሪክ መጽሐፍ ታውቋታላችሁ። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደጃዝማች ካሣ ደጃዝማች ውቤን እዚያ ድል አደረጉ። በቀናት ውስጥም ውቤ ለራሳቸው ንግሥ አስበው ባሠሯት በደረስጌ ማርያም፣ በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብተው ዐፄ ቴዎድሮስ ተባሉ። ውቤ በትግራይ በኩል ወደ ምጽዋ መውጫ ስለነበራቸው በዘመኑ ብዙ ጠመንጃ ካከማቹት መሳፍንት አንዱ ነበሩ። የዚያ ዘመን ጠመንጃ በአፈሙዙ የሚጎርስ ነው፦ መጀመሪያ ባሩዱ፣ ቀጥሎ ጨርቁና አረሩ፣ ከዚያ በዘንግ ጥቅጥቅ። አንዴ ከተኮሰ በኋላ እንደገና እስኪጎርስ ጊዜ ይወስዳል። አያታችን «ቆመህ ጠብቀኝ» ነበር የሚሉት።

እሳቸው ቤት ምሰሶ ላይ አንድ እንዲህ ያለ ነፍጥ ተሰቅሎ ነበር። የውቤ ነው ይላሉ። (በዚያ አገር አሮጌ ጠመንጃ ሁሉ የውቤ ነው፤ አንከራከርም።) ሰደፉ በጠፍር ተጠግኗል፣ ብረቱ ጠቁሯል፣ መዶሻው እንደ ዶሮ አንገት ቀና ብሏል። እኛም እንደ ወጉ ፎቶ አማረን። ከመሃላችን አንዱ (ማን እንደሆነ አንናገርም) ነፍጡን አወረደው፣ መዶሻውን ወደ ኋላ ሳበው፣ አነጣጠረ። ሌላው ስልኩን ደገነ። ሦስተኛው እጁን ወደ ላይ አድርጎ ተማረከ። አፈሙዙ ከደረቱ ሁለት ክንድ አይርቅም። ሣቅን።

አባባ የገቡት ይኼኔ ነው።

«ወደ መሬት! አፈሙዙን ወደ መሬት!»

እኚህ ሰው ሲጮሁ ሰምተናቸው አናውቅም።

«አባባ፣ ባዶ እኮ ነው።»

«ማን ነገረህ?»

«ሳንወለድ ጀምሮ የተሰቀለ አይደል እንዴ?»

«ተሰቅሎ መኖሩ ባዶ ያደርገዋል?»

ነፍጡን ተቀበሉ። መዶሻውን በአውራ ጣታቸው ይዘው ቀስ ብለው መለሱት። ዘንጉን መዘዙና በአፈሙዙ ቁልቁል ለቀቁት። ከቆመበት፣ ልክ ከአፈሙዙ ትይዩ፣ ዘንጉን በጥፍራቸው ይዘው አወጡት። ከዚያ በውጭ በኩል፣ ከአፈሙዙ እስከ መዶሻው ሥር፣ ብረቱ ላይ አስተኙት። በውስጥ የወረደው በውጭ ከሚለካው በአራት ጣት ያንሳል። አራቱን ጣት የሞላው ነገር ምንድነው? ሁላችንም ሒሳቡን ሠራን።

«ጎርሷል» አሉ።

ቤቱ ጸጥ አለ። እውነቱን ለመናገር መዶሻው ሥር የምትቀመጠው፣ ተመትታ እሳት የምትሰጠው የመዳብ ቆብ አልነበረችም። ስለዚህ ምላጩ ቢሳብም ላይተኮስ ይችል ነበር። አባባ ግን «ላይተኮስ ይችላል» በሚል ቃል የሚጽናኑ ሰው አይደሉም። እኛ ደግሞ ያረጀ ባሩድ የሞተ ባሩድ ይመስለን ነበር። አዲስ አበባ ተመልሰን ስናነብ ደረቅ የቆየ ጥቁር ባሩድ ከመቶ ዓመት በኋላም እንደሚነሣ ተማርን። እ.ኤ.አ. በ2008 አሜሪካ ቨርጂኒያ ውስጥ ከእርስ በርስ ጦርነታቸው የቀረ፣ 140 ዓመት ገደማ የሆነው የመድፍ አረር ሲያጸዳው የነበረውን ሰው ፈንድቶ ገድሎታል።

ያን ምሽት አባባ የፈላ ውሃ በአፈሙዙ አፍስሰው፣ ነፍጡን ከእሳቱ አርቀው፣ ሰው ወደማይኖርበት ጥግ አዙረው አቆሙት። ባሩዱ እስኪበሰብስ ይደር ተባለ። እማማ የገብስ ጠላ ቀዱልን። ለአባባ የቀዱት በዋንጫ ነው። ዋንጫው የዋልያ ቀንድ ነው። አየነው፤ አባባም ስናየው አዩን። ከዚያ ሳንጠይቃቸው ጀመሩ።

«ሁለት ቀን ተከተልሁት። በሁለተኛው ቀን ስልሳ እርምጃ ላይ አገኘሁት። ትልቅ ነው፤ ቀንዱ ወደ ኋላ ዞሮ ጀርባውን ሊነካ ምንም አልቀረው። አነጣጠርሁ። ከኋላው ግን መሬት የለም፣ ገደል ነው። ብመታው ወዲያ ይወድቃል፤ ሥጋውም ቆዳውም የአሞራ ነው። ቢቆስል ደግሞ እስካጎርስ ቆሞ አይጠብቀኝ፣ ሄዶ ዋሻ ውስጥ ሲማቅቅ ይሞታል። ትንሽ ወደ ወዲህ ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ። ጉም ወረደና ሸፈነው። ሲገለጥ የለም።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ቤቴ ገባሁ። ነገ እመለሳለሁ ብዬ ሳላራግፍ ሰቀልሁት። ቆቧን ብቻ ነቀልሁ። በነጋታው አያታችሁን ምጥ ያዛት። ቀጥሎ አጨዳ መጣ። ቀጥሎ የፓርክ ዘበኞች መጡ፣ አንደኛው የእኔው ዘመድ። ነገዬ ሃምሳ ዓመት ሆነ።»

ፓርኩ በይፋ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። የመጀመሪያው ዋርደን ዌልስ የተወለደው ሲ. ደብሊው. ኒኮል ከ1967 ጀምሮ እዚያው ተራራ ላይ ከአዳኞች ጋር ሲታገል ከርሟል፤ በኋላም መጽሐፍ ጽፎበታል። ከመጽሐፉ ማዶ፣ ከአዳኞቹ ወገን፣ የእኛ አያት ነበሩ ማለት ነው። ሕግ ይኑር አይኑር ብለን ጠየቅናቸው። «ቢኖርም ደረስጌ አልደረሰም ነበር» አሉ። ቀጥለው ያሉትን ግን እስከ ዛሬ እንደጋግመዋለን።

«ዋልያውን ሳልተኩስ መቅረቴ ልክ ነበር። ሳላራግፍ መስቀሌ ጥፋት ነው። ዛሬ የራሴን የልጅ ልጅ ልቀብር ነበር።»

ጠዋት ሥራ ተጀመረ። ዘንጉ ጫፍ ላይ እንደ ቡሽ መክፈቻ የተጠማዘዘ ብረት አሠሩ። በአፈሙዙ አስገብተው፣ ፊታቸውን ከአፈሙዙ መስመር አውጥተው፣ አዙረው አዙረው ሳቡ። መጀመሪያ የበሰበሰ የጋቢ ቁራጭ ወጣ። ከዚያ የሽምብራ ፍሬ በጣም ቢያድግ የሚያክል አረር። ከዚያ እንደ ኑግ ዝቃጭ የጠቆረ ጭቃ። እማማ ውሃ እያፈሉ ያቀርባሉ፣ እኛ እናፈሳለን፣ አባባ በጨርቅ ይወለውላሉ። ውሃው ጥቁር ወጣ፣ ቡናማ ወጣ፣ አመድማ ወጣ። ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ አልተዉትም።

ከመሃላችን አዋቂ አይጠፋምና አንዱ «አባባ፣ ብረት በውሃ? ዘይት አይሻልም?» አለ። አባባ ሣቁ። ለካስ ጥቁር ባሩድ ከነደደ በኋላ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ጠጣር ጥላሸትና ጨው ሆኖ ይቀራል። ያ ጨው ከአየር እርጥበት ይስባል፤ በደረስጌ ጉም ደግሞ በጥቂት ቀን ውስጥ ብረቱን ይበላዋል። ጨውን የሚያሟሟው ውሃ ነው። ሳታጥብ ዘይት ብትቀባው ቆሻሻውን ከሥር ከደንህለት ማለት ነው። ውሃውም የፈላ መሆን አለበት፤ ብረቱ ሲግል በራሱ ቶሎ ይደርቃል። ከደረቀ በኋላ ቀለል አድርጎ ሞራ። እንጨቱም ሞራ ይሻል። ብረትን ከእንጨቱ የሚያስተሳስረው ጠፍር ይፈተሻል፣ የመዶሻው ብሎን ይጠብቃል። ሲሰቀል አፈሙዙ ወደ ታች፤ የተረፈ ቅባት ካለ ወደ መዶሻው እንዳይወርድ።

ሌላኛችን ደግሞ «የክላሽ ጥይት ፈልቅቀን ባሩዱን ብንጨምርበትስ?» አለ። አባባ መልስ ከመስጠታቸው በፊት ነፍጡን ከእጁ ወሰዱ። ጭስ አልባው የዘመኑ ባሩድ የሚፈጥረው ግፊት ከጥቁሩ እጅግ ይበልጣል፤ አሮጌውን ብረት ሰንጥቆ የሚመታው ተኳሹን ነው። በመጨረሻ በዘንጉ ላይ፣ ነፍጡ ባዶ ሲሆን ከአፈሙዙ ጋር በሚገጥምበት ቦታ፣ በቢላ ዙሪያውን አንድ መስመር ቀረጹ። «ከእንግዲህ ዘንጉን ስትከቱ መስመሩ ከአፈሙዙ በላይ ከቀረ ጎርሷል። አትገምቱ፤ ለኩ።»

አሁን ወደ ቁም ነገሩ እንምጣ። «እሺ፣ በአሮጌ ነፍጥ የሚያድን ማን ቀረ?» ትሉ ይሆናል። የሚገርመው አለ። አሜሪካ ውስጥ በፈቃዳቸው ወደዚህ የተመለሱ አዳኞች ብዙ ናቸው። ፔንሲልቬኒያ እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ በባልጩት እሳት ለሚተኮስ ነፍጥ ብቻ የተለየ የአጋዘን አደን ወቅት አላት። ሰዎቹ ዘመናዊ ጠመንጃ አጥተው አይደለም። አንድ አረር ብቻ ያለው ሰው መቅረብ አለበት፣ መጠበቅ አለበት፣ ከእንስሳው ኋላ ያለውንም ማየት አለበት። ካልሆነለት አለመተኮስ አለበት። አባባ ያን ቀን ገደሉ ላይ ያደረጉት ይኼንኑ ነው፤ ፔንሲልቬኒያ የምትባል አገር መኖሯን ሳይሰሙ።

በአገራችንም ሕጋዊ አደን አለ። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541 አደንን በፈቃድ ያሰረው ሲሆን፣ አርሲና ባሌ ውስጥ በተከለሉ ቀጣናዎች የደጋ አጋዘን እንኳ በኮታ ሲታደን ቆይቷል። ዋልያ ግን ኮታ የለውም። ሊኖረውም አይችልም። ሩፔል የተባለው ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1835 ለሳይንስ ካስተዋወቀው ጀምሮ ከሰሜን ተራሮች ውጭ በዱር የትም አልተገኘም። በ1960ዎቹ 150 ገደማ ቀርቶ ነበር። በጥበቃ ብዛት ከ800 በላይ ደረሰ። ፓርኩም ከ1996 ጀምሮ ከሰፈረበት የአደጋ መዝገብ በ2017 ወጣ። ከዚያ ጦርነት መጣ። እ.ኤ.አ. በ2024 የተነገረው የቆጠራ ውጤት ወደ 300 አውርዶታል። አንዱ ምክንያት ሕገወጥ አደን ነው። ሠላሳ ጥይት የጎረሰ መሣሪያ የያዘ ሰው ከኋላ ገደል ይኑር አይኑር ምን አስጨነቀው? ሠላሳው ውስጥ አንዱ ያገኛል።

ስለዚህ እኛ የደረስነበት ይኼ ነው። አባባ ያወረሱን አደኑን አይደለም፤ እሱ ከእሳቸው ጋር ማብቃት ነበረበት፣ አብቅቷልም። ያወረሱን ሳይተኩሱ መመለስን፣ ተመልሶም መሣሪያን አራግፎና አጥቦ ማስቀመጥን ነው። ሁለቱ አንድ ጠባይ ናቸው። የመጀመሪያውን ዋልያው ላይ አደረጉት፤ ሁለተኛውን በሃምሳ ዓመት ዘግይተው፣ እኛው ፊት፣ ሳያፍሩ አረሙት።

አባባ በ2013 ዓ.ም. አረፉ። ነፍጡ አሁንም ምሰሶው ላይ ነው፤ አጎታችን ይጠብቀዋል። ስልክ በሠራ ቁጥር እንደውልለታለን። ስለ ጤናው፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ገብሱ፣ ስለ ሰላሙ ከጠየቅን በኋላ መጨረሻ ላይ አንድ የቤተሰብ ቀልድ አለችን።

«ጎርሷል ወይ?»

«አልጎረሰም። ባለፈው ሳምንት ለካሁት።»

ባለፈው ጊዜ ግን አንድ ጥያቄ ጨመርን። ቧሂትን ተሻግሮ ደባርቅ ደርሶ መመለሱን ነግሮን ስለነበር «ጨነቅ ላይ ዋልያ አየህ?» አልነው።

ትንሽ ዝም አለ። «ቆሜ ጠብቄ ነበር» አለ። «ጉም ነበር።»

ቸር ያሰንብተን።