በሬ ያለው ድሃ አይባልም

ሚያዝያ፣ አምደወርቅ፣ የደሃና ወረዳ ከተማ። ከብት ተራው ሞልቷል። ፍየሉ ይበዛል፣ ዓይን የሚይዘው ግን የሚያርሰው በሬ ነው። ሻጭ እንጂ ገዢ የለም። ደላላው የአንዱን ዳልቻ በሬ አፍ ከፍቶ ጥርሱን አየ፣ የጎን አጥንቱን በመዳፉ ዳሰሰ፣ ምንም ሳይል ወደሚቀጥለው አለፈ።

ባለበሬው ጠና ያሉ ሰው ናቸው። ከጎረቤታቸው ጋር በኽምጣና ሲያወሩ ቆይተው ለእኔ በአማርኛ መለሱልኝ።

«ጭዱ በየካቲት አለቀ። ከዚያ ወዲህ የግራር ቅጠል እየመለመልን፣ የቁልቋሉን እሾህ በእሳት እየለበለብን ነው ያበላነው። አሁን ከተኛ አይነሣም፤ ጅራቱን ይዘን እናቆመዋለን።»

«ሴፍቲኔት ውስጥ አልገቡም አባቴ?»

«በሬ ያለው ድሃ አይባልም ልጄ።»

ይህ ቃላቸው አላስተኛኝም። ልማታዊ ሴፍቲኔት በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው ገበሬ በክፉ ቀን ጥሪቱን ሸጦ እንዳይራቆት ነው። ጉልበት ያለው እርከን ይሠራል፣ የሌለው ቀጥታ ድጋፍ ያገኛል፤ በእህል ሲከፈል ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ ነው። ብዙ ቤት ከረሃብ አውጥቷል። ነገር ግን የሚረዳው ሰው ብቻ ነው፤ ከብት የሚቆጠረው ማን ይግባ፣ ማን ይቅር ለማለት ነው። ጥሪት ያፈራ «ይመረቃል»፣ ማለትም ከእርዳታው ይወጣል። እኒህ አባት ለእርዳታ የሚበቁት እንግዲህ በሬያቸውን ከሸጡ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ ዝናቡ ቢመጣ በምን ያርሳሉ? መሬታቸውን ለእኩል ይሰጡና ግማሹ ምርት የሌላ ሰው ይሆናል። አንድ በሬ የቀረው ከጎረቤት ይቀናጃል፤ ሁለቱም የሄዱበት ግን የሚቀናጀው የለም።

ደሃና ያለበት ዋግ ይህን በቅርቡ አይቶታል። የሰሜኑ ጦርነት ካፈናቀለው ሕዝብ ላይ የ2015 ዓ.ም. ክረምት ዝናብ ሲቀር፣ በዝቋላ፣ በሳህላና በአበርገሌ በኩል ብዙ ከብት ሞተ።

በሌላ አገር አሠራሩ ሌላ ነው። አሜሪካ ውስጥ የአርቢ ከብት በበረዶ ወይም በጎርፍ ሲሞት መንግሥት የገበያውን ዋጋ 75 በመቶ ይከፍላል፤ ድርቅ ግጦሹን ሲያጠፋበትም የመኖ ክፍያ አለው። ስንት ከብት እንዳለው የሚጠየቀው ሊከፈለው ነው። ያንን ያህል ገንዘብ የለንም፣ ይገባኛል። ሐሳቡ ግን ለእኛም አዲስ አይደለም። ለከብት የአደጋ ጊዜ እርዳታ መመሪያ በ2000 ዓ.ም. ወጥቷል፤ የተጻፈው ለአርብቶ አደር አካባቢ ነው። ቦረና ላይ የሣሩን መድረቅ በሳተላይት አይቶ የሚከፍል የከብት መድን ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ተሞክሯል። የደሃናው ሰው አራሽም አርቢም ነውና ገበሬ ተብሎ ከዚህ ሁሉ ውጭ ቀረ።

በገበያው ዳር ያገኘሁትን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ምን ቢደረግ ይሻላል አልኩት። ቆም ብሎ እንኳ አላሰበም።

«መኖው በጥር ይምጣ፤ ከብቱ በእግሩ ቆሞ ሳለ። ለሁሉም አይበቃም፣ ለሚያርሰውና ለምትወልደው ብቻ ይሰጥ። አሁን የምወጋው መድኃኒት ለተራበ ከብት ምን ያደርግለታል?»

አዛውንቱ በመጨረሻ ለአንድ ነጋዴ ሸጡ። የቀራቸው ሌላ በሬ ቤት ነበርና ከብሩ ላይ ቆንጥረው ጭድ ገዙለት።